ዋናው ሄደ፣ ቅጂው ቀረ፤ የማርሴል ግሪዮል ሕይወትና የጨዋታዎቻችን ባለቤትነት

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ሰበታ፣ በስተ ምዕራብ ቡራዩ፣ ከእንጦጦ ጀርባ በስተ ሰሜን ሱሉልታ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የሸገር ከተማ ሲቋቋም በሥሩ የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች በፋብሪካቸው፣ በውኃቸውና በሜዳቸው ይታወቃሉ እንጂ ስለ ጨዋታዎቻቸው የሚናገር ሰው እምብዛም አይገኝም። ሆኖም ተማሪዎች ከትምህርት ቤት በሚለቀቁበት ሰዓት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ለሚመለከት ሰው የሦስት ዘመን ጨዋታ በአንድ ሰፈር ተሰልፎ ይታየዋል። በአንደኛው ቤት ቴሌቪዥኖች ተደርድረው ወጣቶች በየጨዋታው እየከፈሉ በፕሌይስቴሽን እግር ኳስ ይጋጠማሉ። ከደጃፉ የጆተኒ ጠረጴዛ ቆሞ አራት ልጆች ዘንጉን ያሽከረክራሉ። ከአጥሩ ሥር ደግሞ ትንንሾቹ መሬቱን በጠመኔ ከፋፍለው ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ፤ አለዚያም የለቀሙትን ቆርኪ ደርድረው ይወራረዳሉ። ገና ሲደርስም ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩር የሚያሳድድ ጎረምሳ ከሜዳው ፈጽሞ አልጠፋም።

ከነዚህ ጨዋታዎች መካከል የትኛው የማን ንብረት ነው? ለፕሌይስቴሽኑ መልሱ ቀላል ይመስላል። መሣሪያውን የሠራ ኩባንያ፣ ጨዋታውን የደረሱ ባለሙያዎች፣ ስሙን ያስመዘገበ ድርጅት አለ። ተገልብጦ የሚሸጠው ዲስክ የእነዚህን ሰዎች መብት እንደሚነካ ሁላችንም እናውቃለን። የሰኞ ማክሰኞ ባለቤት ግን ማን ነው? የገበጣስ? እነዚህን ማንም ቢወስዳቸው፣ ማንም ቢገለብጣቸው፣ በመጽሐፍ አትሞ ቢሸጣቸው እንኳ የሚከስ የለም።

የማኅበራችን አባላት በዚህ ጥያቄ መካከል የቆምን ሰዎች ነን። በሙዚየም፣ በቤተ መጻሕፍትና በቤተ መዛግብት የምንሠራ እንደ መሆናችን ሥራችን መሰብሰብ ነው። ዛሬ ደግሞ የሸክላ ሙዚቃ፣ ካሴት፣ የድሮ ካሜራና ዘመን ያለፈባቸው የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች በግል የሚሰበስቡ ሰዎች ተጨምረዋል። እኛም ሆንን እነሱ አንድ ዕቃ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲዛወር ምን አብሮ እንደሚሄድና ምን ተነጥሎ እንደሚቀር ማሰብ ይገባናል። ይህን ነገር በሕግ አንቀጽ ብቻ ከመመርመር ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ መመልከት ይበልጥ ያስተምራል በሚል እምነት፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፈረንሳዊውን የብሔረሰብ ጥናት ሊቅ የማርሴል ግሪዮልን ታሪክ መርጧል።

የኢትዮጵያን ጨዋታዎች ሰብስቦ በመጽሐፍ ያሳተመ ግሪዮል ነው። ከጎንደር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጥንታዊ ሥዕል አስነቅሎ ወደ ፓሪስ የወሰደም እሱ ነው። አገራችን በፋሺስት ኢጣልያ በተወረረች ጊዜ ጄኔቭ ላይ ከልዑካኖቻችን ጎን የቆመም ያው እሱ ነው። ሦስቱን ሥራዎች ከአንድ ሰው ላይ ነጣጥሎ ማንሳት ስለማይቻል ስለ እርሱ የሚሰጠው ፍርድ ቀላል አልሆነም።

ከአውሮፕላን ወደ ግዕዝ

ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1898 በፈረንሳይ አገር፣ በዮን አውራጃ፣ ኤዚ ሱር አርማንሶን በተባለች መንደር ተወለደ። በወጣትነቱ ለመሐንዲስነት ይዘጋጅ ነበር። ነገር ግን ጊዜው አንደኛው የዓለም ጦርነት የሚነድበት ነበርና እ.ኤ.አ. በ1917 በፈቃዱ ዘምቶ በመድፈኛ ክፍል አገለገለ። ከጦርነቱ በኋላም ወደ አየር ኃይል ተዛውሮ ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ መሬትን የሚቃኝ መኮንን ሆነ። ምድርን ከላይ ወደ ታች የማየት ልማድ በኋላ ዘመን በምርምሩ ሁሉ ሲከተለው ኖሯል። መንደርን፣ እርሻንና የቀብር ቦታን ከአየር ላይ ፎቶግራፍ እያነሣ ያጠና ነበር። ወዳጆቹም ተቃዋሚዎቹም እንደሚስማሙበት ሰውን ሲጠይቅ እንኳ የመኮንንነት ጠባይ አልተለየውም። ቡድኑን እንደ ጦር ክፍል ያሰማራ፣ መልስ የሚሰጠውንም ሰው እንደ ተከሳሽ በጥያቄ ያጣድፍ ነበር።

ከወታደርነቱ ከወጣ በኋላ ፓሪስ በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ገብቶ አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1927ም ዲፕሎማውን አገኘ። መምህሩ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ስመ ጥር የነበረው ማርሴል ኮኤን ነው። ኮኤን ራሱ ወደ አገራችን መጥቶ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች አጭር ጥናት አሳትሞ ነበር። እንግዲህ ጨዋታ ለቁም ነገረኛ ሊቅ የማይገባ የልጅ ነገር አለመሆኑን ግሪዮል ገና ከትምህርት ቤት ሳለ ከመምህሩ ሥራ ሊያይ ችሏል። ከማርሴል ሞስ ዘንድ ደግሞ አንድ ኅብረተሰብ የሚታወቀው በነገሥታቱ ዜና ብቻ ሳይሆን በምግቡ፣ በመሣሪያው፣ በስጦታ አሰጣጡና በአጨዋወቱ ጭምር መሆኑን ቀሰመ።

የጎጃም ጉዞ

እ.ኤ.አ. በ1928 ግሪዮል ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን ረገጠ። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ እንጦጦን ወጥቶ፣ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ፣ በበቅሎ ተጉዞ ዓባይን ይሻገር ነበር። ግሪዮል በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ግዛት በጎጃም ተቀምጦ ሲያጠና ቆየና በተከታዩ ዓመት ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚህ ጉዞ ያገኘውን አንድ የመድኃኒት መጽሐፍ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1930 አሳተመ። የጉዞውንም ታሪክ በልብ ወለድ አተራረክ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1934 ለሕዝብ አቀረበ፤ ይህም ሁለተኛ መጽሐፍ ከሊቃውንት ክበብ ውጭ ስሙን አስጠራለት።

በመድኃኒቱ መጽሐፍ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። መጽሐፉ በርእሱ የአንድ ሐበሻ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ ተብሎ ተሰይሟል። ሥሩን ቀምሞ፣ ድግምቱን አስተካክሎ፣ ብራናውን ፍቆ የጻፈው ሰው በሽፋኑ ላይ የታየው በማዕረጉ ብቻ ነው፤ ስሙን ያስመዘገበው ተርጓሚው ነው። የጊዜው ልማድ እንዲህ ስለ ነበር ያኔ ማንንም አላስደነቀም። ነገር ግን በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ እየተደጋገመ የሚመጣው ነገር ከዚያ ሽፋን ላይ ይጀምራል።

ጣሳ ከወርቅ የሚበልጥበት መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ1931 ግሪዮል አፍሪቃን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ የሚያቋርጥ ታላቅ ጉዞ አዘጋጀ። የፈረንሳይ ምክር ቤት ለዚሁ ልዩ ሕግ አውጥቶ 700,000 ፍራንክ ፈቀደ። የገንዘቡን ጉድለት ለመሙላትም አል ብራውን የተባለው የዓለም ሻምፒዮን ጥቁር ቦክሰኛ ፓሪስ ላይ ለጉዞው እርዳታ ተጋጠመ። የአፍሪቃን ቅርስ ለመሰብሰብ የሚሄደው ቡድን ስንቁን በከፊል ያገኘው ከአንድ ጥቁር ስፖርተኛ ጡጫ መሆኑ የሚያስገርም ነው። ቡድኑ በግንቦት ወር ከቦርዶ ተነሥቶ ከዳካር ጀመረ፤ ጉዞውንም በጅቡቲ አጠናቅቆ እ.ኤ.አ. በ1933 መጀመሪያ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ።

ከጉዞው በፊት የፓሪሱ የብሔረሰብ ጥናት ሙዚየም ከቡድኑ ጋር ሆኖ ለሰብሳቢዎች አንድ አነስተኛ መመሪያ አሳትሞ ነበር። መመሪያው ለእኛ ሙያ እስከ ዛሬ የሚጠቅም ሐሳብ ይዟል። ሰብሳቢ ብርቅና ውድ የሆነውን ብቻ እንዳያሳድድ ይመክራል። አንድን ኅብረተሰብ ለማወቅ ተራ የቆርቆሮ ጣሳ ከዕንቁ ጌጥ ይበልጥ ሊያስረዳ እንደሚችል ያስተምራል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ዕቃ ከየት እንደ ተገኘ፣ በአገሩ ቋንቋ ምን እንደሚባል፣ ማን እንደ ሠራውና ለምን እንደሚያገለግል በካርድ ላይ ተጽፎ እንዲቀመጥ ያዛል። ዛሬ አሮጌ የጨዋታ መሣሪያ የሚሰበስብ ሰው የመጀመሪያውን ሣጥን፣ የአጠቃቀም ደብተሩንና የተገዛበትን ደረሰኝ ጭምር የሚፈልግበት ምክንያት ከዚህ የተለየ አይደለም። ዕቃ ታሪኩን ካጣ ግማሽ ዕቃ ነው።

መመሪያው እንዲህ ቢልም በመንገድ ላይ የተፈጸመው ሁልጊዜ መመሪያውን የተከተለ አልነበረም። የቡድኑ ጸሐፊና መዝገብ ያዥ የነበረው ሚሼል ሌሪስ የየዕለቱን ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1934 አሳተመና የውስጡን ጉድ ወደ ውጭ አወጣው። በዛሬዋ ማሊ ምድር በአንዳንድ መንደሮች የተቀደሱ ዕቃዎች በማስፈራራትና በድብቅ ጭምር እንደ ተወሰዱ በዝርዝር ጻፈ። ግሪዮል ለወደፊቱ ጥናት በር የሚዘጋ ነው ብሎ በመጽሐፉ ክፉኛ ተቆጣ፤ የሁለቱም ወዳጅነት ሻከረ። ቡድኑ ሲመለስ 3,600 ያህል ዕቃዎች፣ 6,000 ያህል ፎቶግራፎችና ከ300 በላይ የብራና ጽሑፎችና ክታቦች ይዞ ነበር።

አባ እንጦንስ

ቡድኑ ከሱዳን ድንበር ተሻግሮ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1932 ጎንደር ደረሰና እስከ ዲሴምበር ድረስ አምስት ወር ተቀመጠ። በነዚህ ወራት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ የተባሉት ሊቅ ከሌሪስ ጋር ሆነው የዛር ሥርዓትን ሲመዘግቡ ሰነበቱ። ያለ አባ ጀሮም ቋንቋና ትዕግሥት ከጎንደር የተገኘው የዛር ጥናት ባልኖረ ነበር። የሽፋኑ ስም ግን እንደ ተለመደው የሌላ ሰው ነው።

ጎንደር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ አባ እንጦንስ ነው። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ ማለት በ17ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራ ሲሆን የውስጥ ግድግዳው በጨርቅ ላይ በተሣሉ ሥዕሎች የተሸፈነ ነበር። በጉዞው መካከል ቡድኑን የተቀላቀለው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አስመስሎ ቀዳ። ከዚያም 60 ሜትር ካሬ ያህል የሚሆነው ጥንታዊ ሥዕል ከግድግዳው ተልጦ፣ ተጠቅልሎ ለጉዞ ተዘጋጀ። በስፍራው አዲሱ ቅጂ ተለጠፈ።

የግሪዮል ክርክር የታወቀ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በእርጅና ተጎድቷል፣ ሥዕሉ እየተላላጠ ይጠፋል፣ ካህናቱም ተስማምተዋል፣ በምትኩ ደማቅና አዲስ ሥዕል አግኝተዋል የሚል ነበር። በሌላው ወገን ነገሩ ከተሰማ በኋላ ከተማው ታወከ፤ ቡድኑም ከአገር በሚወጣበት ጊዜ ከሹማምንቱ ጋር ብርቱ ክርክር ገጠመው። በመጨረሻ ሥዕሎቹ ፓሪስ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው የኬ ብራንሊ ሙዚየምም የቀድሞውን ሙዚየም ስብስብ ሲረከብ ተረክቧቸዋል።

ነገሩን በእርጋታ ለተመለከተው ሰው ክርክሩ ከገንዘብና ከስምምነት ያለፈ ነው። ካህናቱ አንድ ትውልድ ናቸው፤ ሥዕሉ ግን የአሳላፊውና የተከታዩ ትውልድ አደራ ነበር። አደራ ጠባቂ በአደራው ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው? ደግሞም የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው፤ የ17ኛው ምዕተ ዓመት ሠዓሊያን ስም በታሪክ አልቀረም፤ አስመስሎ የቀዳው ሰው ስም ግን በሙዚየም መዝገብና በመጻሕፍት ሁሉ ተጽፏል። ዛሬ የተቀዳ ዲስክ ሲገኝ ዋናው የኩባንያው፣ ቅጂው የሌባው ነው እንላለን። በአባ እንጦንስ ነገሩ ተገለበጠ። ቅጂው ለባለቤቱ ቀረ፤ ዋናው ከባለቤቱ ሄደ።

የጨዋታው መጽሐፍ

ከዚህ ሁሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1935 ግሪዮል ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎችና መዝናኛዎች የጻፈው መጽሐፍ ፓሪስ ላይ ታተመ። በዘመኑ የአገራችን ጸሐፊዎች ታሪክን፣ ግብረ ገብነትንና መንፈሳዊ ነገርን በሚጽፉበት ሰዓት የልጆችን ዝላይ፣ የእረኞችን ውድድርና የአዋቂዎችን መዝናኛ እንደ ቁም ነገር ቆጥሮ የጻፈ ሰው ማግኘት ብርቅ ነበር።

ጨዋታን መጻፍ ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። ገበጣን እንኳ ብንወስድ፣ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ውስጥ ጠጠር ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ አፍሶ በተከታዮቹ አንድ አንድ እየዘራ ይሄዳል። ነገር ግን የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ምን ይሆናል? ማን ይበላል? ዙሩ ሲያልቅ የተሸነፈው ስንት ጉድጓድ ያጣል? ይህ ሁሉ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከመንደር መንደር ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪቃ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን ለመዘርዘር ችሏል። በዚያው ዓመት ስለ ሰንጠረዥ ሌላ ጥናት ጽፏል። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለየው በአጀማመሩ ነው፤ ወረራ በሚባለው ክፍል ሁለቱ ተጋጣሚዎች ተራ ሳይጠባበቁ የመጀመሪያው መብላት እስኪደርስ ድረስ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። ዛሬ ይህን የሚጫወት ሰው ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ጨዋታው የሚታወቀው በአመዛኙ ጽፈው ባቆዩት ሰዎች ነው። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል እንደሚሆኑ፣ ባለ ማዕረግም ቢመታ እንደማይቀየም የሚደነግገውን ያልተጻፈ ሕግ ብንረሳ ደግሞ ዱላውና ሩሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም።

እንግዲህ የግሪዮልን ውለታ መካድ አይገባም። በጽሑፍ ያልተያዘ ጨዋታ ከሚያውቁት ሰዎች ጋር ይቀበራል። ነገር ግን በዚህም መጽሐፍ የባለቤትነት ሚዛኑ ያው ነው። በፈረንሳይ ሕግ የደራሲ መብት ከሞቱ በኋላ ለ70 ዓመት ይጠበቃልና የግሪዮል ጽሑፍ እ.ኤ.አ. እስከ 2026 መጨረሻ የወራሾቹ ነው። ጨዋታውን እየተጫወቱ ያሳዩት እረኞች ግን አንድም ቀን የዚህ መብት ተካፋይ አልሆኑም። ሕጉ የሚጠብቀው አገላለጹን እንጂ ጨዋታውን አይደለምና፣ ማንም አላጠፋም፤ ሆኖም አንድ ወገን ብቻ ተጠቅሟል።

ጄኔቭ

መጽሐፉ በታተመበት በዚያው ዓመት ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ወረረች። ግሪዮል ዝም አላለም። እንደ ብዙ የአውሮፓ ሊቃውንት ሁለቱንም ወገን ሳያስቀይም ማለፍ እየቻለ፣ ጄኔቭ በነበረው የመንግሥታት ማኅበር ለኢትዮጵያ ልዑካን አማካሪ ሆኖ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1936ም የኢትዮጵያ ጉዳይ በማኅበሩ ውስጥ እንዴት እንደ ተሸጠ የሚያጋልጥ መጽሐፍ አሳተመ። ጎንደር ላይ የኢጣልያ ቆንስላ ግቢ ተጠግቶ የሠራ ሰው መሆኑን ስናስታውስ ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ይህን ስንጽፍ የጎንደሩ ነገር በጄኔቩ ይካካሳል ለማለት አይደለም። ሰው በአንድ በኩል የአንድን አገር ነፃነት ከልቡ እያከበረ፣ በሌላ በኩል የዚያን አገር ንብረት ለመጠበቅ ከባለቤቱ ይልቅ እኔ እሻላለሁ ብሎ ሊያምን እንደሚችል ለማሳየት ነው። እንዲህ ያለው እምነት ከክፋት ይልቅ ከእውቀት ትዕቢት ይመነጫል። እኛም የሙያው ሰዎች ከዚህ ትዕቢት ነፃ ነን ማለት አንችልም።

የመጨረሻ ዘመኑ

ከ1935 ጀምሮ የግሪዮል ልብ ወደ ዶጎን ሕዝብ አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ዶጎን ጭምብሎች ሰፊ ጥናት አቀረበ፤ ከእርሱ ጋር ያሳተመው ሁለተኛ ጥናት ደግሞ ስለ ዶጎን ጨዋታዎች ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የብሔረሰብ ጥናት ወንበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1946 ኦጎቴሜሊ የተባለ ዐይነ ስውር የዶጎን ሽማግሌ ጠርቶት ሠላሳ ሦስት ቀን ያህል የሕዝቡን የፍጥረት ትምህርት አስረዳው። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው መጽሐፍ ላይ ሽማግሌው በስሙ፣ በቤቱ፣ በሳሉና በዝምታው ጭምር ቀርቧል። ቀድሞ በማዕረጉ ብቻ የተጠቀሰው ደብተራ ያላገኘውን ኦጎቴሜሊ አገኘ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1991 ዋልተር ቫን ቤክ የተባለው ሆላንዳዊ፣ የዚያን ትምህርት ይዘት በብርቱ ተጠራጥረውታል። ቢሆንም የተጠየቀውን ሰው እንደ ባለ እውቀት ቆጥሮ ስሙን በግልጽ ማስፈሩ ለግሪዮል የጉዞው ሁሉ ፍሬ ነበር ማለት ይቻላል። ተከሳሽ እንደሚመረምር መኮንን የጀመረው ሰው በስተ መጨረሻው ከደቀ መዝሙር ስፍራ ተቀመጠ።

ግሪዮል እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1956 ፓሪስ ላይ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ዐረፈ። የዶጎን ሰዎችም በአገራቸው ሥርዓት ለቅሶ አደረጉለት። ጎንደር ለቅሶ አልተቀመጠችም።

ሕጉና እኛ

ከግሪዮል ሞት በኋላ ሕግ ብዙ ተራምዷል። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደነገገ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ ጎን አስቀምጦ፣ ለደራሲው ዕድሜውንና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ሰጠ። ያው አዋጅ ሐሳብ፣ ዘዴና የአሠራር ሥርዓት በራሱ ጥበቃ እንደማያገኝ ይናገራል። ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ድርጅት ገበጣን ወደ ስልክ ጨዋታ ቢለውጠው ፕሮግራሙና ሥዕሉ የእርሱ ነው፤ ገበጣው ግን የሁሉም እንደ ሆነ ይቀራል። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ ገበጣንና ኩኩሉ የተሰኘውን የዶሮ ጨዋታ በዚህ መንገድ ለስልክ አዘጋጅቷል። ይህም በጎ ነው፤ ጨዋታው በራሱ ልጆች እጅ አዲስ ልብስ ለበሰ።

የውጩም ዓለም ከዚህ ጥያቄ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ1972 ማግናቮክስ ኩባንያ በራልፍ ቤር የተፈለሰፈውን ኦዲሲ የተባለ የመጀመሪያ የቤት ውስጥ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ሲሸጥ፣ አታሪ ደግሞ ፖንግ የተባለውን ጨዋታ አወጣ። በሁለቱም የጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወቱ ነበር። ማግናቮክስ ከሰሰና እ.ኤ.አ. በ1976 አታሪ ለፈቃድ ከፍሎ ታረቀ። ሁለት ኩባንያዎች የተካሰሱበትን ጨዋታ በጠረጴዛ ዙሪያ የፈጠሩት ሰዎች ግን ለፍርድ ቤት የሚያስታውሳቸው እንኳ አልነበረም።

ቅርስን በሚመለከት በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስን ከአገር ማውጣትን ከልክሏል። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮም ተመልሷል። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2021 ሃያ ስድስት ቅርሶችን ለቤኒን መልሳለች። የኬ ብራንሊ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2025 የዳካር ጅቡቲን ጉዞ እንደገና የሚመረምር ትርዒት ከአፍሪቃ ተመራማሪዎች ጋር አዘጋጅቶ ዕቃዎቹ እንዴት እንደ ተገኙ ለሕዝብ አሳይቷል። የግሪዮል ካርዶችም በዚህ ምርመራ ጠቅመዋል። ይህ ራሱ ትምህርት ነው፤ በትክክል የተጻፈ መዝገብ ከብዙ ዓመት በኋላ በጸሐፊው ላይ እንኳ ሳይቀር ይመሰክራል።

ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ እንመለስ። በዚያ አጥር ሥር የሚዘለለው ሰኞ ማክሰኞ፣ ቆርኪ የሚወራረዱት ልጆች የሚጠቀሙባቸው የአማርኛና የኦሮምኛ ቃላት፣ በፕሌይስቴሽን ቤቱ ውስጥ ተሸናፊው ለአሸናፊው ወንበር የሚለቅበት ደንብ፣ ሁሉም ነገ የማይገኝ ሀብት ነው። መሣሪያው ሲያረጅ ለሰብሳቢ ብርቅ ይሆናል፤ ደንቡ ግን ካልተጻፈ ከልጆቹ ማደግ ጋር ይጠፋል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለማኅበሩ አባላት የሚያቀርበው አሳብ ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ ስንሰበስብ የሰጠንን ሰው ስም ከዕቃው ስም አስቀድመን እንጻፍ። ደብተራ፣ እረኛ ወይም አንድ ልጅ ብሎ ማለፍ መዝገብ አይደለም። ስሙ ለሕዝብ እንዲገለጥ የማይፈልግ ቢኖር ያ ፈቃዱ ራሱ በመዝገቡ ላይ ይስፈር። ሁለተኛ፣ መገልበጥ በሚቻልበት ዘመን መንቀል አያስፈልግም። ፎቶግራፉ፣ ድምፁና ቪዲዮው ለሙዚየሙ ይበቃዋል፤ ዋናው ከባለቤቱ ዘንድ ይቀመጥ። በአባ እንጦንስ የተገለበጠውን ሥርዓት እንደ ገና መገልበጥ ማለት ይህ ነው። ሦስተኛ፣ የተጻፈው ለተናጋሪው ይመለስ። ጨዋታውን ያስተማረን መንደር መጽሐፉን ካላየው፣ ምንም ያህል ብንደክም ከግሪዮል አንድ እርምጃ አልፈን አልሄድንም።

ግሪዮል የሚጠላም የሚወደድም ሰው ነበር። ጨዋታዎቻችንን ከእኛ አስቀድሞ ጻፈ፤ ሥዕላችንን ከእኛ ነጥቆ አስቀመጠ፤ በችግራችን ቀን ደግሞ ከእኛ ጋር ቆመ። ውለታውን ለመመለስም ሆነ በደሉን ለመካስ የሚበጀው ሥራ አንድ ነው። እሱ ሳይጽፍ ያለፈውን የባለቤቱን ስም እኛ እንጻፍ።